70 ሚሊዮን ከብት፣ አንድ ሊትር ተኩል ወተት

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምረን ስንሰማው ኖረናል፤ ከየጉባኤው መክፈቻና ከየሪፖርቱ መግቢያ አይታጣም። ቁጥሩም እያደገ ነው። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የእንስሳት ናሙና ጥናት መሠረት በ2005 ዓ.ም. 54 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ከብታችን በ2010 ዓ.ም. 60 ሚሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 70 ሚሊዮን ደርሷል። ይህ ቁጥር በኩራት በተነገረ ቁጥር እኔ ቀሪውን ግማሽ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

ቀሪው ግማሽ እዚያው ጥናት ውስጥ ተጽፏል። በ2013 ዓ.ም. የታለቡት ላሞች 15 ሚሊዮን ያህል ናቸው። አንዷ ላም በቀን የሰጠችው ወተት በአማካይ 1.48 ሊትር፣ የታለበችበትም ጊዜ ሰባት ወር ገደማ ነው። ተባዝቶ ሲደመር የአገሪቱ የላም ወተት 4.7 ቢሊዮን ሊትር አካባቢ ይሆናል፤ ለአንድ ላም በዓመት 310 ሊትር ቢደርሳት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታትም የቀኑ አማካይ ከአንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ባለው መካከል ሲዋልል ቆይቷል። ወተታችን ጨመረ ስንል የጨመረው በአብዛኛው የላሙ ቁጥር ነው ማለት ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» ያሉት ለሌላ ነገር ቢሆንም፣ ዛሬ ለራሳችን የተነገረ ይመስለኛል።

ሌላው ዓለም የሄደበት አቅጣጫ ከዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ 25.6 ሚሊዮን የወተት ላሞች ነበሯት፤ 53 ቢሊዮን ኪሎ ያህል ወተት ታለበ። በ2007 ላሞቹ ወደ 9.2 ሚሊዮን ወርደው ወተቱ 84 ቢሊዮን ኪሎ ሆነ። በ2023 ደግሞ 9.4 ሚሊዮን ላሞች ከ100 ቢሊዮን ኪሎ በላይ ሰጥተዋል። የአንዷ አሜሪካዊት ላም የዓመት ወተት 10,900 ኪሎ አካባቢ ነው። የእኛዋ ላም ዓመቱን ሙሉ የምትሰጠውን ያቺኛዋ በአሥር ቀን ትጨርሰዋለች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ለገበሬያችን መከራከር እፈልጋለሁ። ይህን ንጽጽር እያነሱ አርሶ አደሩን «ቁጥር የሚወድ፣ ጥቅም የማያውቅ» አድርገው የሚናገሩ ባለሙያዎች ሰምቻለሁ፤ ፍርዱ ትክክል አይደለም። የአሜሪካዊቷ ላም ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ትታለባለች። የገበሬያችን ላም ግን በመጀመሪያ የምትያዘው በሬ እንድትወልድ ነው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ጎተራው ባዶ ነው። ከከብታችን ውስጥ ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆነው ወንድ የሆነውም ለዚህ ነው። እበቷ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋግራል፣ ግድግዳ ይለስናል፣ ማሳ ያዳብራል። ልጅ ሲታመም ወይም ማዳበሪያ መግዣ ሲያጥር ጊደሯ ገበያ ትወጣለች። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው ወተት። እሱንም ቢሆን ከጥጃዋ ጋር ትካፈለዋለች፤ የሐበሻ ላም ጥጃዋ ካልጠባት ወተቷን አትለቅምና። በጥናቱ የተመዘገበው 1.48 ሊትር ጥጃው ከጠባው ሌላ ነው።

ቦረና ሲደርሱ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ ዓይኑ እያየ አለቀ። በእንዲህ ዓይነቱ አገር መቶ ከብት ያለው አሥር ይተርፍለታል፤ አሥር ያለው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የመንጋው ብዛት የመድን ዋስትና ነው። «ከብትህን ቀንስ» የሚል ሁሉ በምትኩ ምን ዓይነት ዋስትና ይዞ እንደመጣ አስቀድሞ ይንገረው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ዋናውን ጉዳይ አልሸሽም። ብዛት እስካሁን ያኖረን ቢሆንም ከእንግዲህ አያኖረንም፤ ምክንያቱም ሣሩ አልቋል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የወል ግጦሽ የነበረው ሜዳ ዛሬ ጤፍና ስንዴ ተዘርቶበታል፣ ወይም ቤት ተሠርቶበታል። አዲስ አበባን በድርቆሽ ሲመግብ የኖረው የሱሉልታ ሜዳ የቱን ያህል እንደጠበበ በጎጃም መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ያየዋል። የፎገራ ሜዳም ሌላው ምስክር ነው። በጣና ዳር ያለው ያ ረግረግ፣ በወተት ስጦታቸው ከአገር በቀል ዝርያዎቻችን ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የፎገራ ላሞች መኖሪያ ነበር። ሩዝ ገባና ለገበሬው ጥሩ ገቢ አመጣ፤ ላሞቹ ግን ሜዳቸውን አጡ። ዝርያው ከሌላው ጋር እየተቀላቀለ ንጹሑን ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ዛሬ በአንዳሳ የምርምር ማዕከል ተጠብቆ እንዲቆይ ጥረት ይደረግለታል።

የከብቶቻችን መኖ ከግማሽ በላይ ግጦሽ፣ ሲሶ ያህሉ ጭድና አገዳ ነው። የተሻሻለ የመኖ ሣር ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ስለ ዝርያ ማሻሻል ቀን ከሌሊት የምንነጋገረው።

የፈረንጅ ላም አገራችን የገባችው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለግሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ፣ በ1967 የስዊድን ድጋፍ ያለው የጭላሎ ፕሮጀክት አሰላ ላይ ተጀመረ፣ ቃሊቲ ላይ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተከፈተ። ከ70 ዓመት በላይ ተደክሟል። ይሁን እንጂ በ2013ቱ ጥናት ከከብታችን 97.4 በመቶው የአገር ዝርያ፣ 2.3 በመቶው ድቅል፣ 0.3 በመቶው ደግሞ ንጹሕ የውጭ ዝርያ ነው። ይህን ያህል ዘመን የተለፋበት ነገር ከመቶ ሦስት ካልሞላ፣ ጥፋቱ ላሟ ጋ ወይም ገበሬው ጋ ነው ብዬ አላምንም።

ሱሉልታና ደብረ ብርሃን አካባቢ ከላም አርቢዎች ጋር የተጨዋወተ ሰው አንድ አባባል ሳይሰማ አይመለስም፤ «ላም የምትታለበው በአፏ ነው» ይላሉ። ድቅል ጊደር ብዙ ብር ወጥቶባት ትገዛለች። ፋጉሎና ፉርሽካ ሲወደድ ጭድ ብቻ ይቀርብላታል። ያኔ ከሐበሻዋ ላም ባልተሻለ ወተት ትቀራለች፤ ኮርማ መፈለጓም ይዘገያል፣ ትታመማለችም። ሰውነቷ ትልቅ ስለሆነ ለነፍሷ ማቆያ ብቻ የምትፈልገው መኖ ከትንሿ ላም ይበልጣል። ባለቤቷም ዕዳ ውስጥ ይገባና ለሥጋ ይሸጣታል። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «የፈረንጅ ላም አትሆንም» ብሎ ይደመድማል። ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ አንድ መንደር ተስፋ ቆርጧል!

ውሃውም እንዲሁ ነው። ከወተት 87 በመቶው ውሃ ነው፤ ላሞቻችን ግን በበጋ ለአንድ ጊዜ መጠጥ ረጅም መንገድ ተነድተው ይመለሳሉ። በግቢዋ ቀኑን ሙሉ ውሃ የምታገኝ ላም ዝርያዋ ሳይለወጥ ወተት ትጨምራለች። ይህ ከውጭ ምንዛሪ ጋር አይገናኝም፤ የሚጠይቀው ባልዲና ጉልበት፣ ከተቻለም የጣሪያ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው።

የመኖው ጥራት ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያው ወተት ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከተወሰዱት 110 ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል። ዋናው ምንጩ እርጥበት ያገኘው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወሬው አስቀድሞ በ2015 መገባደጃ ሲወጣ ብዙ ቤተሰብ ወተት መግዛት አቁሞ አርቢዎች ተጎድተዋል። ፋጉሎውን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ የመጋዘን ጉዳይ ነው፤ በቀላሉ መስተካከል የሚችል ነገር ሳይስተካከል ሕዝብና አርቢ አብረው ከሰሩ።

በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀልንም ላንሳ፤ ሲሆን የማየው ነገር ስለሚያሳዝነኝ። ላም ኮርማ የምትፈልገው ለጥቂት ሰዓታት ነው። አርቢው በዚያች ሰዓት ለአዳቃይ ቴክኒሽያኑ ይደውላል። ቀኑ እሑድ ከሆነ፣ ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ካለቀበት ወይም ዘሩ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ከጠፋ ሰዓቷ ታልፋለች፤ ቀጣዩ ዕድል ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ላሟ ወራት ሳትወልድ፣ ሳትታለብ፣ ግን እየበላች ትቀመጣለች። የሐበሻ ላም የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሁለት ዓመቷ ትወልዳለች። 70 ሚሊዮን ብለን ስንቆጥር እነዚህን ባዶ ዓመታት ሁሉ አብረን እየቆጠርን ነው።

ወተቱ ከተገኘም በኋላ ገበያው ይጠብቀዋል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ይጾማል። ላም ግን አትጾምም። ሁዳዴ ሲገባ ወተት ሰብሳቢው ዋጋ ይቀንሳል ወይም አልቀበልም ይላል፤ አርቢዋ እናት ወተቱን ንጣ ቅቤ ታወጣለች፣ የማይናጠው ይደፋል። የጾሙን ወተት ለፍስክ ሊያቆይ የሚችል የዱቄት ወተትና ረጅም ጊዜ የሚቆይ ወተት ማምረቻ በበቂ ቢኖረን፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓታችን የወተት ኢኮኖሚያችንን ባልፈተነው ነበር። አሁን ግን በአንድ በኩል ወተት እየደፋን በሌላ በኩል የዱቄት ወተት ከውጭ እናስገባለን።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን ከዋና ዋና ግቦቹ አንዱ ማድረጉ ተገቢ ነው፤ እደግፈዋለሁ። የምሰጋው በየወረዳው ሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚወጣው «ይህን ያህል ጊደር ተሰጠ፣ ይህን ያህል ላም ተዳቀለ» የሚለው እንዳይሆን ነው። ያም ቁጥር ያው የብዛት ቆጠራ ነው። የተዳቀለችው ወለደች ወይ? የወለደችው ስንት ሊትር ታለበች? መኖዋስ ከየት መጣ? ገንዘቡ መጀመሪያ ሣርና ውሃ ላይ፣ ቀጥሎ ሕክምናና አዳቃይ ላይ፣ ከዚያ በኋላ ዝርያ ላይ መዋል አለበት የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ደሾ ሣርና የዝሆን ሣር በእርከን ዳር ይበቅላሉ፤ አፈሩንም ይይዛሉ።

አሜሪካን እንከተል እያልኩ እንዳልሆነም ግልጽ ይሁን። እዚያ ወተቱ ሲበዛ ባለላሞቹ አልቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 70,000 የነበረው ፈቃድ ያለው የወተት እርሻ በ2023 ወደ 26,000 ወርዷል። የላሞቹ ዘርም ጠቧል። በ1962 የተወለደ አንድ ኮርማ በሺህ የሚቆጠሩ ሴት ልጆች ተወልደውለት፣ በደሙ የነበረ ድብቅ ጉድለት በዓለም ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጽንስ እንዳስወረደ የታወቀው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የቦረና፣ የበጋይትና የፎገራ ዝርያዎቻችንን በአንድ ዓይነት ዘር ለመለወጥ የሚቸኩል ካለ ይህን ያስብ።

ለእኛ የሚቀርበን ህንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ 17 ሚሊዮን ቶን የነበረው የህንድ ወተት በ2022/23 ከ230 ሚሊዮን ቶን አልፏል፤ ዛሬ በዓለም አንደኛ አምራች ናት። ይህንን ያመጡት በአብዛኛው ሁለትና ሦስት ላም ወይም ጎሽ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። በአናንድ ከተማ በ1946 የተጀመረው የኅብረት ሥራ ማኅበር ከየመንደሩ ጠዋትና ማታ ወተት ተቀብሎ፣ በጥራቱ መዝኖ፣ ዋጋውን ሳያዛባ ከፈለ፤ በ1970 አገሪቱ ያንን አሠራር በየክልሉ አስፋፋችው። ነገ ወተቱን የሚቀበለው እንዳለ የሚያውቅ ገበሬ ሣር ይተክላል። በሰላሌና በቢሾፍቱ ያሉት የወተት ማኅበራትና ዩኒየኖችም ይህ እኛም አገር እንደሚሠራ አሳይተውናል።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና የግብርና ሚኒስቴር ከብት ስንት እንደሆነ ሲነግሩን፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር አንዲት ላም በዓመት ስንት ሊትር እንደሰጠችና በስንት ወር እንደወለደች ይንገሩን፤ የወረዳ ኃላፊዎችም የሚመዘኑት በዚሁ ይሁን። እርስዎም ድቅል ጊደር ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀሙ ከሆነ፣ እባክዎ ከዚህ ገንዘብ ቀንሰው በዚህ ክረምት መጀመሪያ ሣሩን ይትከሉ። ጊደሯን ሣሩ ከደረሰ በኋላ ይግዟት።