ስሙን ፓኬቱ ላይ የጻፈው ዘር ነጋዴ

የቡናውንም የእህሉንም ዋጋ ጠዋት ለጥፌያለሁ፣ ወደ ላይ ወጣ ብላችሁ እዩት። ይሄኛው ጽሑፍ አስተያየት ነው።

ሰሞኑን የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ «ምርጥ ዘር አለ ወይ?» ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ዘር ነጋዴ ልጻፍ። ሰውየው አሜሪካዊ ነው፣ ዴቪድ በርፒ ይባላል፣ በ1980 ነው የሞተው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ሲሸጥ የኖረው የጓሮ አትክልትና የአበባ ዘር ነው። ኩንታል አያውቅም፤ ዕቃው መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ፓኬት ናት። «ታዲያ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

ድርጅቱን ያቋቋመው አባትየው አትሊ በርፒ ነው። በ1876 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ በ18 ዓመቱ፣ ከእናቱ 1,000 ዶላር ተበድሮ በዶሮ ንግድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ደንበኞቹ ከዶሮው ይልቅ ዘር እየጠየቁ መጡ፤ እሱም ገበያው ወደጠራው ሄደ። በ1888 ዶይልስታውን አጠገብ ፎርድሁክ የሚባል እርሻ ገዛና የሙከራ ማሳ አደረገው። ከአውሮፓም ከአገር ውስጥም ያገኘውን ዘር እዚያ ዘርቶ ያያል፤ የወደደውን ካታሎግ ላይ አውጥቶ በፖስታ ይሸጣል። አይስበርግ የሚባለውን ሰላጣ በ1894 ያወጣው እሱ ነው። በ1902 ደግሞ ጎልደን ባንታም የሚባል ቢጫ ጣፋጭ በቆሎ ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ቢጫ በቆሎ የከብት ቀለብ ነው ይባል ነበር። ይሄ ወሬ ለኛም አዲስ አይደለም። ሰው ቀምሶ ሲያየው ግን ወሬው ተገለበጠ። የድርጅቱ መፈክር አጭር ነበር፦ «የበርፒ ዘር ይበቅላል።»

አባትየው በ1915 ሲሞት ዴቪድ ገና 22 ዓመቱ ነው። የአባት ስም ይዞ ተቀምጦ መብላት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። አባትየው ሲነግድበት የኖረው ስዊት ፒ የሚባለው አበባ በሥር በሽታ እየተመታ ሲያስቸግር፣ ልጅየው ማሪጎልድን ያዘ። ማሪጎልድ ቢጫና ብርቱካናማ አበባ ነው፣ ከሩቅ ስታዩት አደይ አበባን ያስታውሳችኋል፣ ዝርያቸው ግን ሌላ ነው። ችግሩ ቅጠሉ ይሸታል። ዴቪድ የማይሸት ዝርያ ፈልጎና አዳቅሎ በ1930ዎቹ ገበያ ላይ አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰው በየጓሮው አትክልት እንዲተክል ሲቀሰቅሱ ከነበሩት አንዱ ነው። በ1949 ደግሞ ቢግ ቦይ የሚባለውን ዲቃላ ቲማቲም አወጣ።

ሰውየው ሲሸጥ አያፍርም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ማሪጎልድ የአሜሪካ ብሔራዊ አበባ ይሁን» ብሎ ዋሽንግተንን አስቸገረ። የኢሊኖዩ ሴናተር ኤቨረት ዲርክሰን ምክር ቤት ውስጥ ስለ ማሪጎልድ ንግግር ሲያደርግ፣ ዘር ነጋዴው ከጀርባው አለ። አልተሳካም። በ1986፣ ዴቪድ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ጽጌረዳ ተመረጠች። እንደ ፖለቲካ ካየነው ተሸንፏል። እንደ ነጋዴ ካየነው ግን ለዓመታት ጋዜጣው ሁሉ ስለሚሸጠው ዕቃ በነፃ አውርቶለታል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1954 «ነጭ ማሪጎልድ አብቅሎ ዘሩን ለሚልክልኝ 10,000 ዶላር እሰጣለሁ» ብሎ አስነገረ። በዚያን ጊዜ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከየቦታው ዘር ይላክለት ጀመር። 21 ዓመት ፈጀ። በ1975 ሽልማቱን የወሰደችው በጓሮዋ ከዓመት ዓመት እየመረጠች ስትዘራ የቆየች አንዲት የአዮዋ ባልቴት ናት። እዚህ ላይ አስተውሉ። ድርጅቱ በ1970 ለጄኔራል ፉድስ ተሸጦ ነበር። አዲሱ ባለቤት «እኔ ቃል አልገባሁም» ማለት ይችል ነበር። ገንዘቡ ግን ተከፈለ። ስም የገዛ ሰው የስሙንም ዕዳ አብሮ ይገዛል ማለት ነው።

ሰውየውን መልአክ እያደረግሁት አይደለም። የዲቃላ ንግድ ሌላም ገጽታ አለው። የቢግ ቦይ ወላጅ ዝርያዎች የድርጅቱ ምስጢር ነበሩ። ከዲቃላ ፍሬ ዘር ብታስቀሩ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እናትየውን አያወጣላችሁም፤ ገዢው በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ለነጋዴ ጥሩ ነው፣ በገበሬ ላይ ግን ወጪ ነው። ገበሬው ይሄን አውቆ ከገዛ ችግር የለም። ችግሩ ሳያውቅ ሲገዛ ነው።

ይሄን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ እጄ አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ 60 ኩንታል በቆሎ «ዲቃላ ምርጥ ዘር ነው» ብሎኝ፣ እኔ ገዢ አገናኘሁ። ከረጢቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። አልጠየቅሁም፣ ኮሚሽኔን ተቀበልኩ። ለካስ ከዲቃላ ማሳ የታጨደ ተራ የምግብ እህል ነበር። መብቀሉንማ በቅሏል! አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ፣ ዛላው ግን ትንሽ። ጥቅምት ላይ የገዢዎቹ ሊቀመንበር፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ምንድን ነው ያዘራኸን?» አሉኝ። የመለስኩላቸው «አባቴ፣ እኔ እኮ ደላላ ነኝ» ነበር።

ከዚያች ቃል በላይ የማፍርበት ነገር የለኝም። ነጋዴው ስልኩን ቀይሮ ጠፋ፣ እኔ ደላላ ነኝ ብዬ ዳር ቆምኩ፣ ዓመቱን የከሰሩት ገበሬዎቹ ብቻ ናቸው። ዕቃው ስም ስላልነበረው ተጠያቂም አልነበረውም።

በቡናውም አይተነዋል። ምርት ገበያው በ2008 ሲጀምር የዋጋ መረጃና የክፍያ ዋስትና አመጣልን፣ ይሄን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ሲደባለቅ የአብዛኛው ገበሬ ስም መጋዘን ገብቶ ቀረ። መነሻውን ይዞ የመሸጫው መንገድ በሰፊው የተከፈተው ከ2017ቱ ማሻሻያ ወዲህ ነው። ዛሬ ገዢ ሲመጣ «ከየትኛው ጣቢያ ነው? ከነማን ተሰበሰበ?» እያለ ነው የሚጠይቀው። መልስ ያለው ላኪ የተሻለ ዋጋ ይነጋገራል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው።

ለዩኒየኖች፦ ዘር ከማከፋፈላችሁ በፊት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሉ፣ በሳምንቱ ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሩ። ግን በዚህ ብቻ እንዳትታለሉ፣ የእኔም በቆሎ ይሄን ፈተና ያልፍ ነበር። የዝርያ ስም፣ የአምራች ስም፣ የባች ቁጥርና የጥራት ማረጋገጫ ካርድ የሌለውን ከረጢት አትቀበሉ። ከየጭነቱ ናሙና አሽጋችሁ፣ ሻጭም ገዢም ፈርሞበት ይቀመጥ። ከተቻለ ትንሽ የሙከራ ማሳ ይኑራችሁ፤ ፎርድሁክም በሌላ ነገር አይደለም ስም ያወጣው።

ለነጋዴና ላኪ፦ እንደ ዴቪድ ጮክ ብሎ ማስተዋወቅ ነውር የለውም። ግን እሱ የሚጮኸው ዘርቶ ያየውን ይዞ ነው። በየመንደሩ ጥሩ ዘር መርጠው የሚያቆዩ እናቶችና አባቶችም አሉን። ያቆዩትን ስንወስድ ስማቸውን ጠርተን እንክፈላቸው።

ለእኛ ለደላሎች፦ «ደላላ ነኝ» የሚለው መልስ ይብቃን። እኔ ከዚያ ወዲህ ዘር ሳገናኝ ስሜና ስልኬ ውሉ ላይ ይጻፋል፣ የኮሚሽኔንም ግማሽ የምቀበለው ሰብሉ ማሳ ላይ ከታየ በኋላ ነው። ሥራ ቀነሰብኝ? አዎ፣ ትንሽ ቀንሷል። ሊቀመንበሩ ግን ባለፈው ዓመት ራሳቸው ደውለው ዘር ፈልግልን አሉኝ። ካርዱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው፣ ከዚያ ነው ስለ ዋጋ ያወራነው።

የማትስማሙ ካላችሁ፣ በተለይ የግማሽ ኮሚሽኑ ነገር ያልተዋጠላችሁ ደላሎች፣ ከታች ጻፉልኝ፤ እንከራከርበታለን። የነገውን ዋጋ እንደተለመደው በጠዋት ይጠብቁ። መልካም ገበያ።