የባሕር ትምህርት ቤት ፍሬው በምን ይታወቃል?

የምረቃ ወራት በደረሰ ቁጥር ከየአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰማው ዜና ተመሳሳይ ነው። ይህን ያህል ተማሪዎች ተመረቁ፤ እገሌ የተባሉት መምህር ሽልማት ተቀበሉ፤ እገሊት የተባለችው ተማሪ በማዕርግ ጨረሰች ይባላል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የደከመ ሰው ድካሙ ሲነገርለት ማየት ሌላውን ለትጋት ያነሣሣል። ነገር ግን የአንድ ትምህርት ቤት ፍሬ በዲፕሎማና በሜዳልያ ብዛት ብቻ ይለካልን? ብለን ብንጠይቅ፣ ነገሩ ሰፋ ያለ አስተያየት የሚያስፈልገው ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ መልሱን ያሳያል ብለን ያመንበትን የአንድ የባሕር ጥናት ትምህርት ቤት ታሪክ ዛሬ ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን። የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ዲዬጎ ከተማ መካከል በስተ ሰሜን፣ ላ ሆያ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ስክሪፕስ የተባለ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ይገኛል። የተጀመረው በ1903 ነው። ዊልያም ሪተር የተባሉት የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር የባሕርን ፍጥረታት ለመመርመር ወደዚያ በመጡ ጊዜ፣ በጋዜጣ ሥራ ሀብት ያፈሩት የስክሪፕስ ቤተ ሰቦች፣ ይልቁንም ወይዘሪት ኤለን ብራውኒንግ ስክሪፕስ፣ ገንዘባቸውን ሰጥተው ረዷቸው። ተቋሙ በ1912 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ክፍል ሆነ። ከጋዜጣ የተገኘ ገንዘብ ለባሕር ምርምር መዋሉን እኛ የጋዜጣ ሰዎች በደስታ እናነሣዋለን።

በዚህ ትምህርት ቤት አጠገብ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባ ረጅም የእንጨት መድረክ ተሠርቶ ነበር። ከነሐሴ ወር 1916 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰው ወደ መድረኩ ጫፍ እየሄደ የባሕሩን ውሃ ይቀዳል፤ ሙቀቱንና የጨውነቱን መጠን ለክቶ ይመዘግባል። መድረኩ በሌላ ቢተካም፣ ሰዎቹም ብዙ ጊዜ ቢለዋወጡም፣ ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። ውሃ በመቅዳት ሜዳልያ የተሸለመ ሰው የለም። ሆኖም በ2018 የነሐሴ ወር በገባበት ቀን የውሃው ሙቀት ከፍ ብሎ በተገኘ ጊዜ፣ ከ1931 ወዲህ ተይዞ የቆየው የሙቀት ወሰን መሰበሩን በርግጠኝነት ለመናገር የተቻለው ከዚያ አሮጌ መዝገብ የተነሣ ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ «ዘንድሮስ ባሕሩ ሞቀ» ከሚል ወሬ በቀር ሌላ ነገር ባልተገኘም ነበር።

ወደ መምህራኑና ወደ ተማሪዎቹ እንለፍ። በ1936 ሃራልድ ስቬርድሩፕ የተባሉት የኖርዌይ ሊቅ የተቋሙ ዲሬክተር ሆነው መጡ። በ1942 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ስለ ውቅያኖሶች ያሳተሙት ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የዚህ ትምህርት ዋና መማሪያ ሆኖ ኖሯል። በ1939 ዋልተር ሙንክ የተባሉ በቪየና ከተማ የተወለዱ ወጣት እኒህን ሊቅ ቀርበው ተማሪያቸው ሊሆኑ ቢጠይቁ፣ በሚመጡት ዐሥር ዓመታት በዚህ ሙያ አንድም የሥራ ቦታ የሚገኝ አይመስለኝም የሚል መልስ እንደ ሰጧቸው ሙንክ ራሳቸው ሲናገሩ ኖረዋል። ወጣቱ ግን አልተመለሱም።

ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ጦርነቱ አሜሪካን ደረሰ። ወታደሮች በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ለመውረድ ሲለማመዱ፣ ሞገዱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ባለ ጊዜ ጀልባዎቹ እየዞሩ ውሃ ስለሚሞላባቸው ልምምዱ ይቋረጥ እንደ ነበር ሙንክ ተመለከቱ። የአፍሪካውን ዳርቻ መዝገብ ቢያገላብጡ ደግሞ በክረምት ሞገዱ ከዚህ የሚበልጥበት ቀን ብዙ ሆኖ አገኙት። ይህን ለመምህራቸው አስታወቁ፤ መምህርና ተማሪ አብረው ተቀምጠውም ከነፋሱ ኀይልና ነፋሱ ከነፈሰበት ጊዜ ተነሥቶ የሞገዱን ከፍታ አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል ስሌት አወጡ። ስሌቱን ለጦር ሠራዊቱ የአየር ጠባይ መኰንኖች አስተማሩ። በሰኔ ወር 1944 በኖርማንዲ ዳርቻ ለተደረገው ታላቅ ማረፍም ይኸው ትምህርት ውሏል። ሙንክ ዶክትሬታቸውን የተቀበሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1947 ነው። በ1963ም በአንታርክቲካ አካባቢ ማዕበል ያስነሣው ሞገድ የፓሲፊክን ውቅያኖስ ሁሉ አቋርጦ አላስካ ድረስ እንደሚሄድ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ተከታትለው አሳዩ። በ2019 በ101 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ ትምህርት ቤት አልተለዩም።

ይህን ስንል ትምህርት ቤቱ ጕድለት አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ኢስተር ካፕ የተባሉት ተማሪ በ1934 በዚሁ ትምህርት ቤት ዶክትሬት ተቀበሉ፤ በአሜሪካ በውቅያኖስ ጥናት ይህን ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው። ዳሩ ግን ቋሚ የምርምር ቦታ ሳያገኙ ቀርተው፣ ኋላ በሳን ዲዬጎ የልጆች አስተማሪ ሆኑ። በባሕር ውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፀዋት የጻፉት መጽሐፍ በ1943 ታትሞ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ሲገለገሉበት ኖረዋል። ዘርቶ ቡቃያውን የማይጠብቅ ገበሬ ምርቱ ለወፍ እንደሚሆን ሁሉ፣ አስተምሮ ቦታ የማይሰጥ ትምህርት ቤትም ድካሙን ያባክናል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ምሳሌ ደረስን። በ1936 በዚያው ትምህርት ቤት ዶክትሬት የተቀበሉት ሮጀር ረቬል በኋላ ዲሬክተር ሆነው ነበር። በ1957 ሃንስ ዙስ ከተባሉት ሊቅ ጋራ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ባሕሩ ብዙዎች እንዳሰቡት ፈጥኖ ሊውጠው እንደማይችል አስረዱ። እንግዲያውስ በሰማዩ ላይ የሚቀረው ምን ያህል ነው? ይህን የሚለካ ሰው ያስፈልግ ነበርና ዶክተር ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ በ1956 ወደ ተቋሙ መጡ። በመጋቢት ወር 1958ም በሃዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 313 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገኘ። ዛሬ ከ420 እጅ በላይ ሆኗል። መላው ዓለም ስለ አየር ጠባይ መለወጥ ሲከራከር የሚጠቅሰው መስመር ይኸው ነው።

ይህ ሥራ ግን ሊቋረጥ ብዙ ጊዜ ተቃርቧል። በ1964 መጀመሪያ በበጀት ቅነሳ ምክንያት በተራራው ላይ የሚደረገው ልኬት ለጥቂት ወራት ቆመ፤ የዚያ ዓመት መስመር ዛሬም ባዶ ቦታ ይታይበታል። ከዚያም በኋላ፣ በየጊዜው ያንኑ መለካት የተለመደ ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም የሚል ክርክር ኪሊንግን ሲያስቸግራቸው ኖሯል። በ2005 ሲያርፉ ልጃቸው ፕሮፌሰር ራልፍ ኪሊንግ በዚያው ትምህርት ቤት ሥራውን ተረከቡ። በ2025ም የአሜሪካ መንግሥት ለተከታዩ ዓመት ባቀረበው የበጀት ሐሳብ ውስጥ ለተራራው ጣቢያ የሚሰጠው ገንዘብ እንዲቀር ተጠይቆ ነበር። እኛ እንደምናስበው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ «የተለመደ ነው» ብሎ መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። የጐደለ መሣሪያ ይገዛል፤ የፈረሰ ቤት ይሠራል፤ ያለፈ ቀን ግን ተመልሶ አይለካም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በአገራችን የቅኔና የዜማ ቤት አንድ መምህር ሲመሰገኑ፣ ከማን ተማሩ? እነማንንስ አወጡ? ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ምን ሽልማት ተቀበሉ? አይባልም። የስክሪፕስም ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። አንደኛ፣ መምህሩ መልሱ ገና ያልተገኘለትን ጥያቄ ለተማሪው አካፍሎ አብሮት ይሠራል። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከመምህሩ ስም ብቻ ሳይሆን መዝገብም ይወርሳል። ሦስተኛ፣ መዝገቡ እንዳይቋረጥ ገንዘብ የሚሰጥ አካል በትዕግሥት ይቆማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ትልቁ ዕውቀት የተገኘው በየቀኑ ከተጠራቀመ ትንሽ ሥራ ነው።

«አገራችን የባሕር ዳርቻ የላት፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። እውነት ነው፤ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1993፣ በእኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ዝናማችን ግን የሚመጣው ከባሕር ነው። ኤል ኒኞ በሚባለው ጊዜ የፓሲፊክ ውቅያኖስ በምሥራቅና በመካከል ሲሞቅ፣ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በአውሮፓውያን በ2015፣ የሆነው ይህ ነው፤ በተከታዩም ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ወገናችን የምግብ ርዳታ አስፈለገው። አርጎ የተባሉት ወደ 4000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ዛሬ በየዐሥር ቀኑ እስከ 2000 ሜትር ጥልቀት እየወረዱ የባሕሩን ሙቀትና ጨው ይለካሉ። ይህን ሥራ ከመሩት መካከል የስክሪፕስ መምህራን ይገኙበታል። የባሕሩ ሙቀት አስቀድሞ ከታወቀ፣ የወሎ ገበሬ ዘሩን የሚመርጥበት፣ መንግሥትም እህል የሚያከማችበት ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ በሩቅ አገር ያለ ተማሪ የሚጽፈው ቍጥር የእኛንም ማዕድ ይነካል።

በሌላም በኩል ባሕር ባይኖረን ሐይቆች አሉን። የውሃ ፍጥረታትና የዓሣ ሀብት ትምህርት በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ሐይቅ ሳይታሰብ ሊጠፋ እንደሚችልም በዐይናችን አይተናል። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው፣ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ መሬቱ ታይቶ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው እንደ ገና መመለሱ ደስ ያሰኛል። በጣና ሐይቅም ላይ እንቦጭ የተባለው አረም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሕዝብ እንዳደከመ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። በሐይቅ አጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የውሃውን ከፍታ፣ ሙቀትና ጥራት በየቀኑ የሚጽፍበት አንድ መዝገብ ይኑረው፤ በተጀመረበት ይጠንክር፤ ባልተጀመረበት ይጀመር። ተማሪዎች በየተራ ይለኩ፤ መምህራን ይመርምሩ። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ከአንድ የምረቃ በዓል ድግስ የሚበልጥ አይመስለንም። ዋናው ነገር ዲኑ ሲለወጥ፣ በጀቱም ሲጠብብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰረዘው ይህ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

በምረቃ ቀን ስንት ተማሪ ጨረሰ? ብለን መጠየቃችን አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ከዚያ ጋራ ግን፣ የዘንድሮዎቹ ተመራቂዎች ለሚመጡት ምን መዝገብ ትተው ወጡ? ብለን የመጠየቅ ልማድ ይኑረን። መልሱን የሚፈልጉት የዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት በሐይቆቻችን ዳር የሚኖሩት ልጆቻችን ናቸው።