ሦስት እግር ያለው ለምን ይገለበጣል?



ከንባብ ሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ ተማሪያችን ጥያቄ አቀረቡ። ‹‹መምህር፣ ከብት ሸጬ ለልጄ ባጃጅ ልገዛለት ነው። ሞተር ብስክሌት መንዳት ያውቃል። በሁለት እግር ያልወደቀ ሰው በሦስት እግር እንዴት ይወድቃል?›› አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ባጃጅ ሲገለበጥ የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም። ከኋላ ልጅ የታቀፈች እናት ትኖራለች። የከብቱም ዋጋ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ የዛሬው ንባባችን ስለ ባጃጅ መሪ ነው።

እናቶች ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ሦስት ጉልቻ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ እንኳ አይነቃነቅም። ተማሪያችን ያሰቡት ይህን ነው፤ ልክም ናቸው። ለቆመ ነገር ሦስት እግር ጥሩ ነው። ጉልቻ ግን አይሮጥም። ኩርባም አይዞርም።

እስቲ መሬት ላይ ሥዕል እንሥራ። ሦስት የበቆሎ ፍሬ ውሰዱ። አንዱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ ግራና ቀኝ አስቀምጡ። ፍሬዎቹን በመስመር አገናኙ። ሦስት ማዕዘን ሆነ። የባጃጅ መቆሚያ ይህ ነው። ክብደቱ ከመስመሩ ውስጥ እስካረፈ ድረስ አይገለበጥም። ከመስመሩ ወጥቶ ካረፈ ግን ይገለበጣል። አሁን ሥዕሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ከኋላ ሰፊ ነው። ወደ ፊት በሄዳችሁ ቁጥር ይጠባል። ይህን አትርሱ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ወንጭፍ የወነጨፈ ሰው ያውቃል። ድንጋዩ ሲዞር ወደ ውጭ ይጎትታል። ባጃጅም ኩርባ ሲዞር እንዲሁ ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ቀኝ የሚያጋድለው ለዚህ ነው። ታዲያ ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የዞራችሁትን ኩርባ በ40 ብትዞሩት ግፊቱ 2 እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ ይሆናል። በ60 ከሆነ 9 እጥፍ ነው። ‹‹ትንሽ ነው እኮ የጨመርኩት›› የሚል ሾፌር ይህን ሂሳብ አልተማረም።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሾፌሩ በፍጥነት ኩርባው ውስጥ ይገባል። ከገባ በኋላ ይፈራና ፍሬን ይረግጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት ደግሞ ሥዕላችን ጠባብ ነው። ግፊቱ ወደ ጎን፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሆን ከውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ማርሽም እዚያው ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ መሪውን ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ጎማው ከተነሳ ደግሞ ቦታ ካለ መሪውን ወደ ቀጥታው መመለስ፣ ነዳጁንም መቀነስ ይሻላል። ያን ጊዜ ጎማው ወደ መሬት ይመለሳል።

ሞተር ብስክሌት የሚያውቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተር ብስክሌት ሲዞር ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ የሚያድነውም ማጋደሉ ነው። ባጃጅ ማጋደል አይችልም። መሪው ያው ይመስላል። ነዳጁ በቀኝ እጅ፣ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ ነው። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ልጁ ሞተር ቢያውቅም መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመድ። ከዚያ የበቆሎ ጆንያ ጭኖ ይለማመድ። ሰው የሚጭነው መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ባጃጅ የሕንድ ፋብሪካ ስም ነው። እኛ ግን ባለሦስት እግሩን ታክሲ ሁሉ ባጃጅ እንለዋለን። ፒያጆ የተባለ የጣሊያን ፋብሪካም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ባለሦስት እግር መኪና ሠርቶ ‹‹አፔ›› ብሎታል። ንብ ማለት ነው።

አሁን ስለ ጭነት እንነጋገር። ሾፌሮች አንድ ሰው ከጎናቸው ሲያስቀምጡ እናያለን። የአንድ ሰው ሂሳብ ለቤት እንደሚጠቅም አውቃለሁ። ቢሆንም ሥዕሉን እንደገና እዩት። ያ ሰው የተቀመጠው ሦስት ማዕዘኑ በጠበበበት በኩል ነው። ለዚያውም መሐል ላይ አይደለም፤ በአንድ ጎን ነው። በዚህ ላይ ጉልበቱና ክንዱ መሪውን ይይዛል። ሾፌሩ በድንገት ላዙር ቢል መሪው አይዞርለትም። እትዬ፣ ጋሼ፣ ‹‹ከፊት ተጠጉ›› ቢሏችሁ እምቢ በሉ። ሌላ ባጃጅ ይመጣል። ጆንያም ጣራ ላይ አይጫንም። ከባድ ነገር ከፍ ባለ ቁጥር ለመገልበጥ ይቀላል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ መሐል ይቀመጥ።

የጋምቤላ ከተማ ሜዳ ነው። ሜዳ መንገድ ፍጥነት ይጋብዛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ጥቁሩ አፈር ይጨቀያል። በጭቃ ላይ ሦስት ሰው ከኋላ ከተጫነ የፊቱ ጎማ ይቀልላል። መሪውን ብታዞሩም ባጃጁ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። አዲስ ሾፌር ያን ጊዜ ይበልጥ ይጠመዝዛል። ይህ አይጠቅምም። ነዳጁን ቀንሱ። መሪውን ትንሽ መልሱ። ጎማው መሬት ሲይዝ እንደገና በቀስታ አዙሩ።

ሌላም ነገር አለ። መኪና ድንጋይን በጎማዎቹ መሐል አሳልፎ ይሄዳል። ባጃጅ ግን መሐል ላይም ጎማ አለው። ጉድጓዱን በግራና በቀኝ ጎማ ብታልፉት የፊቱ ይገባበታል። ወደ ኢታንግም ሆነ ወደ አቦቦ በሚወስዱት መንገዶች ላይ የጭነት መኪና ጎማ ቦይ ቆፍሮ ካገኛችሁ ፍጥነት ቀንሳችሁ አንዱን መስመር ምረጡ። ከቦይ ወደ ቦይ መዝለል ባጃጁን ወደ ጎን ያጋድለዋል። ከቦንጋ (የእኛው ቦንጋ ነው፣ የካፋው አይደለም) ወደ ቡሬ የሚያወጣው ዳገት ግን የባጃጅ ቦታ ነው ብዬ አላምንም። ቁልቁለት ማለት ሳያቋርጥ ፍሬን እንደ መያዝ ነው። ክብደቱ ሁልጊዜ ወደ ፊት፣ ወደ ጠባቡ በኩል ይሄዳል።

ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የፊት ጎማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ጋራዥ ይታይ። የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ንፋስ ጎሚስታ ጋ አስለኩ። አንዱ ከሌላው ካነሰ ባጃጁ ወደዚያ ወገን ይጎትታል። በመንገድ ላይ መሪው በራሱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አጥብቃችሁ ያዙት፣ ነዳጁን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ ዳር ይዛችሁም ቁሙ። ፍሬን በድንገት አትርገጡ።