ደመናው ደብረ ማርቆስ ይሁን ወይስ ሰርቨሩ ሞጣ ይቆይ?

ጉዳይ ይዞ ቢሮ የሄደ ሰው «ሲስተም የለም» ተብሎ መመለሱ በቢቸናም በሞጣም የተለመደ ነው። ለዚህ ችግር ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይቀርባል። አንዱ የምሥራቅ ጎጃምን ወረዳዎች ሰርቨሮች ደብረ ማርቆስ ላይ ሰብስቦ ኦፕንስታክን በመሰለ ክፍት የክላውድ (ደመና) ሶፍትዌር ማስተዳደር ነው። ሌላው እያንዳንዱ ተቋም ጥቂት ሰርቨሮቹን ፕሮክስሞክስን በመሰለ የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር እዚያው እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሁለት የአይቲ ባለሙያዎች እንዲህ ተሟግተዋል።

አንደኛው፦ ይሰብሰብ

ከማሽኑ በፊት ሰዉን እንይ። የጁቤ፣ ቢቸናና ሞጣ ለየብቻቸው ሰርቨር ከገዙ ዩፒኤስ፣ ጄኔሬተር፣ ባክአፕና ባለሙያም ለየብቻ ሊኖራቸው ነው። በተግባር ግን ሰርቨሩ ይገዛል፤ ባለሙያው አንድ ለእናቱ ሆኖ ይቀራል። እሱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ የገባ ዕለት የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ብንሰበስበው አራት አምስት ባለሙያ ሁሉንም ይጠብቃል፤ ዩኒቨርሲቲው እዚያው ስለሆነም ተተኪ አይጠፋም።

ኦፕንስታክ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ናሳና ራክስፔስ በ2010 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፤ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ከ2013 ወዲህ ይገለገልበታል። ለእያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ድርሻ ይከፈትለታል፤ የሚጠቀመው ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ዲስክ አስቀድሞ ይወሰናል። የቢቸና ባለሙያ ተጨማሪ ማሽን ቢያስፈልገው ደብዳቤ ጽፎ ፊርማ አይጠብቅም፤ በመለያው ገብቶ ራሱ ይከፍታል። የሞጣን መረጃ ግን አያይም።

ስለ ዋጋም እናንሳ። ብሮድኮም የዝግ ቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር አምራቹን ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 ከጠቀለለ በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚታደስ ክፍያን የወረዳ በጀት አይችለውም። ፋይዳ መታወቂያ ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ተገንብቷል፤ የጤና ሚኒስቴርም ሪፖርት የሚሰበስበው ክፍት በሆነው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። አገር ያመነውን ዞን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው፦ ባለበት ይቆይ

ባልደረባዬ የመቱት ቪኤምዌርን ነው፤ ፕሮክስሞክስን አልነኩትም። ፕሮክስሞክስም ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ቪየና ያለ ኩባንያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣዋል። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው የሊኑክስ አካል በሆነው ኬቪኤም ነው። ኦፕንስታክም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ይኸው ኬቪኤም ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ክፍቱን መርጠናል፤ የተለያየነው በላዩ ላይ ምን ያህል ሸክም እንጫን በሚለው ነው።

ሸክሙ ይኸውላችሁ። ኪስቶን ተጠቃሚን ይለያል፣ ኖቫ ማሽን ያስነሳል፣ ኒውትሮን ኔትወርኩን፣ ሲንደር ዲስኩን ይይዛል፤ ከሥራቸው ደግሞ ዳታቤዝና መልእክት አመላላሹ ራቢትኤምኪው አሉ። በየስድስት ወሩም አዲስ ቅጂ ይወጣል። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ፣ ዩፒኤሱ አልቆ፣ ክላውዱን የሚመሩት ሦስት ዋና ሰርቨሮች አንድ ላይ ጠፉ እንበል። ጋሌራ የሚባለው የዳታቤዝ ቅንብር ያን ጊዜ በራሱ አይነሳም። የመጨረሻውን መረጃ የያዘው የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ሰው አይቶ ከዚያ መጀመር አለበት፤ እስከዚያ ክላውዱ ማንንም አያስገባም። ፕሮክስሞክስ ላይ ግን ከሦስቱ ሁለቱ ሲነሱ ምልዓተ ጉባኤው ይሞላል፤ አስቀድሞ የታዘዙት ማሽኖችም ማንም ሳይነካቸው ይነሳሉ።

መስመሩም አለ። የሞጣ ሆስፒታል የካርድ ሥራ ደብረ ማርቆስ ቢቀመጥ፣ ፋይበሩ የተቆረጠ ቀን ካርድ ክፍሉ ምን ይሆናል? በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንዳልተመለሰ አንርሳ። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ከሆነ ካርዱ በውስጥ ኔትወርክ ይወጣል። መስመሩ ሳይጸና ደመና መትከል ራስ ሳይጠና ጉተና ነው።

የአንደኛው መልስ

ያሉት የጋሌራ ችግር እውነት ነው፤ ነገር ግን ኦፕንስታክ የሚተከልበት ኮላ አንሲብል ለዚሁ የተዘጋጀ የማስነሻ ትእዛዝ አለው። ትእዛዙን የሚሰጥ ሰው ደብረ ማርቆስ ይኖራል። ሞጣ ላይ ዲስክ ሲሞላ፣ ባክአፕ ለወራት ሳይሠራ ሲቀር ማን ያያል? መብራት ሲጠፋ ችግሩን ሁሉም ያየዋል፤ የባክአፑ ባዶነት የሚታወቀው ግን ዲስኩ የተቃጠለ ቀን ነው። ወረዳኔት ሲዘረጋም ወረዳዎች ከክልልና ከፌዴራል ጋር በአንድ ኔትወርክ ተገናኙ እንጂ እያንዳንዱ የራሱን ይሥራ አልተባለም።

የሁለተኛው መልስ

በባክአፑ ተረትቻለሁ፤ ስለዚህ ባክአፑ ደብረ ማርቆስ ይሂድ። የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የተለወጠውን ብቻ ስለሚወስድ ቀጭን መስመር ይበቃዋል፤ ዛሬ ማታ ቢቋረጥ ነገ ማታ ይልካል። እርስዎ ያሏቸው አራት አምስት ባለሙያዎችም ከዚያው ሆነው የየወረዳውን ሰርቨር ይከታተሉ። የወረዳኔቱ ምሳሌ ግን አያስኬድም፤ በወረዳኔት የሚደረግ የቪዲዮ ስብሰባ ቢቋረጥ ሌላ ቀን ይቀጠራል፣ ድንገተኛ ክፍል የገባ በሽተኛ አይቀጠርም።

መሰብሰቡንም ለዘላለም አልቃወምም። የፕሮክስሞክስ ማሽን ዲስክ ኦፕንስታክ በሚቀበለው ዓይነት ሊወጣ ስለሚችል ዛሬ እዚህ መጀመር የነገውን በር አይዘጋም። የምፈርመው በሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ሁለተኛ ፋይበር ሲዘረጋና ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ተረኛ ባለሙያ ቋሚ መደብ ሲያገኝ ነው። ሁለቱ በዞኑ በጀት ላይ ተጽፈው እስካላየሁ ድረስ የሞጣ ሰርቨር ከቦታው አይነሳም ባይ ነኝ።