ርካሽ ሱቅ ዲላ ቢገባ የባንኮ ጎቲቲን ዱቤ ማን ይሰጣል?

የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለረጅም ጊዜ ለአገር ልጅ ብቻ ተከልሎ ከቆየ በኋላ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 አጥሩን ለውጭ ባለሀብት ከፍቶታል። ጥሬ ቡና መላክ፣ ዕቃ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መቸርቸር ሁሉም በመመሪያው ተካተዋል። ከዚያ ወዲህ በመርካቶም ሆነ በዲላ የነጋዴው ጨዋታ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ትልልቆቹ ሲመጡ ትንንሾቹን ምን ይውጣቸዋል በሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ነጋዴው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው መብራት የበዛበትንና ሠላሳ ዓይነት ብስኩት የተደረደረበትን ሱፐርማርኬት መሆኑ ነው። በውጭው ዓለም የምግብ ሸቀጥ ገበያን ያመሰው ግን እንዲህ ያለው ሱቅ አይደለም። ዕቃውን ከነካርቶኑ ደርድሮ የሚሸጠው ርካሽ ሱቅ ነው።

የርካሽ ሱቅ ታሪክ በብዙው የሚያያዘው ከጀርመኗ የኤሰን ከተማ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የአልብሬኽት ቤተሰብ የከፈታት ትንሽ ሱቅ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ለሁለት ወንድማማቾች፣ ለካርልና ለቴዎ ተላለፈች። ጦርነት ባደቀቃት አገር ካፒታል አልነበረምና ወንድማማቾቹ ጥቂት ዓይነት ዕቃ ብቻ ይዘው መሸጥ ጀመሩ። ኋላ ገንዘብ ሲመጣም ዘዴውን አልተዉትም። በ1960ዎቹ መግቢያ ሲጋራ እንሽጥ አንሽጥ በሚል ተከራክረው ንግዱን ሰሜንና ደቡብ ብለው ተካፈሉት፤ አልዲ የሚለው ስምም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ተፎካካሪያቸው ሊድልም ያደገው ይህንኑ ዘዴ ተከትሎ ነው።

የዘዴው ምስጢር ርካሽ መሸጥ ብቻ አይደለም። ርካሽ መሸጥማ ማንም ይችላል፣ እስኪከስር ድረስ። ምስጢሩ ገንዘብን ቶሎ ቶሎ ማዞር ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ሺህ ብር ያለው ነጋዴ በ10 በመቶ ትርፍ እየሸጠ ገንዘቡን በዓመት 4 ጊዜ ቢያዞር 40 ሺህ ብር ያተርፋል። በ3 በመቶ ብቻ እያተረፈ በየ15 ቀኑ፣ ማለትም በዓመት 24 ጊዜ ቢያዞረው ግን ትርፉ 72 ሺህ ብር ይሆናል። ተራው ሱፐርማርኬት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዓይነት ሸቀጥ ሲይዝ ርካሽ ሱቁ ከ2 ሺህ ብዙም የማይርቀው ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት ቲማቲም ድልህ ብቻ ከያዘ የድልህ ፈላጊው ሁሉ ብር እዚያች አንዲት ጣሳ ላይ ይከማቻል። ሱቁም ለፋብሪካው በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ጣሳ ያዛል፤ በራሱ ስም ያሳትመዋል፤ ለማስታወቂያ የሚወጣውን ወጪም ከዋጋው ላይ ያስቀንሳል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ለአቅራቢው የሚከፈልበት ቀን ከመድረሱ በፊት ተሸጦ ስለሚያልቅ ሱቁ የሚነግደው በአቅራቢው ገንዘብ ነው። ይህን ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ሌላ አገር ሲሻገሩም የሚቸኩሉት አይቀናቸውም። ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ1997 ሱቆች ገዝቶ ጀርመን ቢገባም እነ አልዲን መቋቋም አቅቶት በ2006 ለቆ ወጥቷል። ሊድል ራሱ በ2004 ኖርዌይ ገብቶ በ2008 ሱቆቹን ለአገሬው ሬማ 1000 ሸጦ ሄዷል። በአንፃሩ አልዲ በ1990 እንግሊዝ ሲገባ የድሃ ሱቅ ተብሎ ተንቆ ነበር። መጋዘኑን እያስቀደመ፣ በመጋዘኑ ዙሪያ ሱቅ እየጨመረ፣ ብዙውን ካገኘው ትርፍ ላይ እየከፈለ ቆይቶ በ2022 ሞሪሰንስን ቀድሞ በአገሪቱ አራተኛው ትልቅ የምግብ ሸቀጥ ቸርቻሪ ለመሆን በቃ። ሠላሳ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

ለዲላ ነጋዴ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በሞያሌ መንገድ ማዶ ያለው የኬንያ ትምህርት ነው። እዚያ ናኩማት የተባለው የአገሬው ኩባንያ በብድርና በአቅራቢዎች ገንዘብ እስከ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ተስፋፍቶ ፈርሷል። የደቡብ አፍሪካው ሾፕራይት በ2018 ገብቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መውጣቱን አስታውቋል። በካርፉር ስም የሚሠራው የዱባይ ኩባንያ ግን ሥር ሰደደ። የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን በ2023 ይህን ኩባንያ 1.1 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጥቶታል፤ ጥፋቱም በገዥነት ጉልበቱ ተጠቅሞ አቅራቢዎችን መጫኑ ነው ተብሏል። ልብ ሊባል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የቅጣቱ ምክንያት ሸማቹ በዋጋ መጎዳቱ አልነበረም። የተጎዳው ዕቃውን ለሱቁ ያስረከበው ነው።

ይህ ሁሉ ከባንኮ ጎቲቲ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከዲላ ተነስቶ ይርጋጨፌን አልፎ ገደብ ወረዳ የሚገኘው ይህ ቀበሌ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይልቅ በውጭ ቡና ቆዪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ገበሬው እሸት ቡናውንና ጀንፈሉን ሸጦ ደህና ብር የሚይዘው በለቀማው ወራት፣ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ሳሙናና ዘይት፣ ጨውና ስኳር፣ ክብሪትና የልጆች ደብተር የሚገዛው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ያውም በትንሽ በትንሹ። ዕቃው እዚያ ሱቅ እስኪደርስ ከአስመጪው ወይም ከፋብሪካው በኋላ በመርካቶ ጅምላ ነጋዴ፣ በዲላ አከፋፋይ፣ በገደብ ከተማ ነጋዴና በቀበሌው ባለሱቅ እጅ ያልፋል እንበል። አራቱ እጆች እያንዳንዳቸው 5 በመቶ ብቻ ቢያተርፉ እንኳ መቶ ብር የነበረው ዕቃ ከ121 ብር በላይ ይሆናል። የመኪናው ኪራይና የጫኝና አውራጁ ሒሳብ ገና አልተነካም። ርካሽ ሱቅ የሚባለው ድርጅት አተርፋለሁ ብሎ የሚመጣው እነዚህን እጆች ቆርጦ ነው።

ይሁንና በባንኮ ጎቲቲ ሱቅ የዘይት ዋጋ ላይ የተጫነው የእጅ ብዛት ብቻ አይደለም። በዋጋው ውስጥ ወለድም አለ። ባለሱቁ በሰኔና በሐምሌ ለጎረቤቱ ሳሙና የሚሰጠው ስሙን ደብተሩ ላይ ጽፎ ነው፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ቡናው ሲለቀም ነው። ያለ መያዣ፣ ያለ ፎርም፣ የሰውዬውን ማሳና ጠባይ በማወቅ ብቻ ለአምስትና ለስድስት ወር የሚያበድር ባንክ በአገሪቱ የለም። በደብተር የሚሸጥ ሱቅ በዓመት ሃያ አራት ጊዜ ገንዘብ ላዙር ቢል አይችልም። ስለዚህ ያስወድዳል። ብዙ ጊዜ ስግብግብነት እየተባለ የሚታማው የገጠር ሱቅ ዋጋ ግማሹ ታሪክ ይኸው ነው። (ቀሪው ግማሽ በእርግጥም ስግብግብነት ሊሆን እንደሚችል መካድ አይገባም።)

በመሆኑም በዱቤ የማይሸጠው ርካሽ ሱቅ ባንኮ ጎቲቲ አይደርስም፤ ቢመጣ ዲላ ላይ ይቆማል። ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ደመወዝተኛ አለባት፤ ዋናው የሞያሌ መንገድም ያቋርጣታል። በየወሩ ጥሬ ብር የሚይዝ ሸማች እዚያ አለ። ለዲላ መምህርና ነርስ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በዚህ የሚቆጭ ነጋዴ ካለ ለብቻው ይቆጭ። ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በጥር ቡናውን የሸጠ ገበሬ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዲላ ይወርድና የዘይት ጀሪካኑን፣ የሳሙና ካርቶኑንና የስኳር ኩንታሉን በጥሬ ብር ሸምቶ ይመለሳል። በሐምሌ ሲያልቅበት ግን ወደ ቀበሌው ሱቅ ነው የሚሄደው። የጥሩ ወር ገበያ የቀረበት ባለሱቅ ለክፉው ወር የሚያበድረውን ከየት ያመጣል? ጥሬ ብሩን አንዱ ወስዶ ዱቤውን ለሌላው ከተወለት ደብተሩ መዘጋቱ አይቀርም። መጀመሪያ የሚቸገረውም ዲላ ሄዶ በካርቶን መግዛት ያልቻለው፣ ማሳው ያነሰው ገበሬ ይሆናል።

ቡናውም ቢሆን ከዚህ ዘዴ ውጭ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት አብዛኛው የግል ነጋዴ ቡና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለነበር የቀበሌ ስም ጠፍቶ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጅ ወዲህ ግን ቡናው ከነምንጩ መሸጥ በመቻሉ ባንኮ ጎቲቲ የሚለው ስም በውጭ አገር እሽጎች ላይ በጉልህ እየታተመ ነው። ርካሽ ሱቆቹ የሚኖሩት በተቃራኒው ነው። የሰሜኑ አልዲ ቤተሰብ ንብረት የሆነው የአሜሪካው ትሬደር ጆስ የኢትዮጵያ ቡና የሸጠው በራሱ ስም ነው፤ ሁለቱም አልዲዎች ጀርመን ውስጥ የራሳቸው የቡና መቁያ ፋብሪካ አላቸው። ገዥው ጉልበተኛ ሲሆንና ስሙም የእሱ ብቻ ሲሆን የዛሬውን ሻጭ በነገው ሻጭ መተካት ቀላል ይሆንለታል። ስለዚህ የገደብ ቡና አቅራቢ የብዛት ትዕዛዝ ሲመጣለት መደሰቱ እንዳለ ሆኖ፣ የቀበሌው ስም ከእሽጉ ላይ የሚቀር ከሆነ ዋጋውን ቆም ብሎ ቢያሰላ ይሻለዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው በሩ ይዘጋ የሚል ነጋዴ ካለ ሰሚ ሊያገኝ አይገባም። ንግዱ ተከልሎ በኖረባቸው ዓመታት በመርካቶና በባንኮ ጎቲቲ መካከል ያሉትን እጆች ለማሳጠር ያሰበ ብዙ አልታየም። የሚጠቅመው ሌላ የጀርመን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የበርሊን ትንንሽ ባለሱቆች በጋራ የሚገዙበት ማኅበር መሥርተው ነበር። ስሙ የቅኝ ግዛት ሸቀጥ ነጋዴዎች የመግዣ ማኅበር የሚል ሲሆን ቡና፣ ሻይና ስኳርን ጀርመኖች ያኔ የሚጠሩት እንዲያ ነበር። ኤዴካ የሚባለውና በጀርመን የምግብ ሸቀጥ ችርቻሮ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው ድርጅት የዚያ ዘር ነው። በአልዲ አገር አልዲን የቋቋሙት ባለሱቆች ሱቃቸውን አላዋሐዱም፤ ያዋሐዱት ግዢያቸውን ነው።

የዲላ፣ የወናጎ፣ የይርጋጨፌና የገደብ ነጋዴዎችም ለመጀመር 2 ሺህ ዓይነት ዕቃ አያስፈልጋቸውም። ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ኦሞ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ክብሪት፣ ደብተርና የመሳሰለውን አርባ የማይሞላ ሸቀጥ በአንድ ላይ አዝዘው ዲላ ላይ በአንድ መጋዘን ማራገፍ ይችላሉ። ቢያንስ ሁለት እጅ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ባለሱቁ የጥሬ ብር ዋጋና የዱቤ ዋጋ ብሎ ለይቶ ቢጽፍ፣ በጥር ገበሬው ዲላ የሚወርድበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ወለዱም ከሳሙናው ተለይቶ ይታወቃል። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባሎቻቸው የሚያከፋፍሉት ትርፍ ኪስ በሚደርቅበት ክረምት እንዲደርስ ቢደረግ ደግሞ የደብተሩ ጫና ራሱ ይቀልላል።

እንቅፋቱ የገንዘብ አይደለም። አንደኛው ነጋዴ የሚገዛበትን ዋጋ ለጎረቤቱ ከማሳየት ሱቁን ቢዘጋ የሚመርጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጮክ ተብሎ የማይነገረው ነው፤ በጋራ መግዛት ማለት በደረሰኝ መግዛት ማለት ነው፤ በደረሰኝ የገዛ ደግሞ ሽያጩን ከገቢዎች መደበቅ አይችልም። በዚህ ምክንያት ብቻ የሚቀር ማኅበር ጥቂት አይሆንም። ደረሰኝ የለመደ ተወዳዳሪ ከመጣ በኋላ ግን ያ ምርጫ መኖሩ ያጠራጥራል።

ለአገሬው ነጋዴ አንድ ነገር ያግዘዋል። ከጌዴኦ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ሲመለስ ጭነት ይፈልጋል። ርካሽ ሱቁ ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመልሰውን መኪና ኪራይ ከዋጋው ላይ መጫን ሲኖርበት፣ ቡና ነጋዴውና ሸቀጥ ነጋዴው አንድ ከተማ ውስጥ ጎረቤት የሆኑባት ዲላ የደርሶ መልሱን ኪራይ ለሁለት ማካፈል ትችላለች። ከአርባው ሸቀጥ በፊት እንኳ ከዚህ መጀመር ይቻላል። ለቀማው ኅዳር ላይ ሲጀምር የትኛው መኪና የማንን ስኳር ይዞ እንደሚመለስ ከመስከረም አንስቶ ቢነጋገሩ ጊዜው ይበቃል።