ማረጥም የጤና ኬላው ጉዳይ ይሁን

በወሎ፣ በወግዲም ሆነ በመካነ ሰላም ዙሪያ የምትኖር ሴት ከጤና ኬላ ጋር የምትተዋወቀው በአብዛኛው በእርግዝና ነው። ክትትሉ፣ ወሊዱ፣ የልጆች ክትባት፣ ከዚያም የቤተሰብ ምጣኔው እያመላለሷት ዓመታት ያልፋሉ። የወር አበባዋ ሲቋረጥ ግን ምልልሱም ይቋረጣል። ከዚያ ወዲህ ወገቧን ቢያማት፣ ሌሊት ላብ ቢያጠምቃት፣ ልቧ ድንገት ቢመታ፣ መልሱ አንድ ነው፤ «ዕድሜ ነው» ትባላለች።

ይህ መልስ በቂ አይደለም። በቂ አለመሆኑን በአይጦች ላይ ለአሥርታት የተሠራው ምርምር አሳይቷል።

በማረጥ ጊዜ የሚቀንሰው ኢስትሮጅን የማህፀን ሆርሞን ብቻ አይደለም። አጥንት፣ ጉበት፣ የደም ሥር፣ ኩላሊትና አንጎልም መልእክቱን ይቀበላሉ። ተመራማሪዎች የአንዲትን አይጥ እንቁላል አመንጪ እጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲያወጡ፣ በሳምንታት ውስጥ ማህፀኗ ይሟሽሻል፣ የአጥንቷ ውስጠኛ ክፍል ይሳሳል፣ ሆዷ ውስጥም ስብ ይከማቻል። ኢስትሮጅን አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ዕድሜ ያሳጥር ነበር። እሱ ሲጠፋ አፍራሾቹ ይበዛሉ፣ ዕድሜያቸውም ይረዝማል፤ አዲስ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት ሊተኩት ከሚችሉት በላይም ያፈርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ኢስትሮጅን የሚሠራው አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ለምርምር ተዳቀሉ። እነዚህ አይጦች ከሌሎቹ የበለጠ ሳይበሉ ወፈሩ። የወንዶቹ ጉበት ደግሞ በስብ ተሞላ፤ ኢስትሮጅኑ ሲመለስላቸው ስቡ ቀነሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ የ28 ዓመት ወንድ ታሪክ በሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር። ሰውነቱ ኢስትሮጅን ቢያመርትም መቀበል አይችልም ነበር። ቁመቱ በዚያ ዕድሜም መጨመሩን አላቆመም፤ አጥንቶቹም ስስ ነበሩ። በአይጥ አጥንት ላይ የታየው በሰውም ላይ እንደሚደርስ ይህ ታሪክ አሳየ።

ይህ ዕውቀት ለወሎ ሴት የተለየ ትርጉም አለው። አጥንት የሚጠነክረው በአፍላነት ዕድሜ ነው፤ ኋላ ኢስትሮጅን ሲቀንስ የሚነካውም ያኔ የተጠራቀመው ነው። ረሃብ ደግሞ የወር አበባን ያዘገያል፣ ያቋርጣልም፤ ሰውነት ምግብ ሲያጣ ኢስትሮጅን ማምረቱን ይቀንሳልና። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ወሎን ሲመታ የ15 ዓመት ልጅ የነበረች ሴት ዛሬ ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። አጥንት መገንባት በነበረባት ዓመታት እህል አጥታ ያደገች ሴት፣ አሁን ያንኑ አጥንት ያለ ኢስትሮጅን ጥበቃ ይዛ እንስራ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። አዳልጧት እጇ ቢሰበር ደግሞ መጀመሪያ የምትሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው፤ ስብራቱም በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ላይሰፍር ይችላል።

ወጣቶቹንም የሚመለከት ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ከወሊድ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ በስፋት የሚወሰደው የሦስት ወር መርፌ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመቶ ያገቡ ሴቶች 27ቱ ተጠቃሚ ነበሩ። መርፌው ኢስትሮጅንን ስለሚቀንስ በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥግግት በመጠኑ ይወርዳል። ሴትዮዋ ስታቆም ግን አብዛኛው ይመለሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ18 እስከ 45 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ በዕድሜ ምክንያት ገደብ አልጣለም። ስለዚህ ማንም ፈርታ መርፌዋን እንድትተው አይገባም። የሚገባት ነገር ይህንኑ በግልጽ መስማት ነው።

አይጥ ሰው አለመሆኗም መዘንጋት የለበትም። የአይጧ ኢስትሮጅን በቢላ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ የሴቷ ግን በዓመታት ቀስ እያለ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት የሆርሞን ሕክምና ጥናት ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋርጧል። ኢስትሮጅንንና ፕሮጀስቲን የተባለውን ሌላ ሆርሞን ያጣመረው መድኃኒት የአጥንት ስብራትን ቢቀንስም የጡት ካንሰርንና የደም ሥር መዘጋትን ጨምሮ ነበር። ከጊዜ በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ጉዳቱ በዕድሜ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ ቢሆንም የሆርሞን ክኒን ለሁሉም ይታደል የሚል ድምዳሜ ከአይጥ ቤተ ሙከራ አይወጣም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ውድ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፤ ያኔ በወጣትነታቸው የተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎችም ዛሬ ራሳቸው ወደ ማረጫ ዕድሜ እየተጠጉ ነው። ቤት ለቤት ሲዞሩ የወር አበባዋ መቼ እንደቆመ ሴትዮዋን ይጠይቋት፤ ከ40 ዓመት በፊት ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይላኳት። የደም ግፊቷን ይለኩ። ወድቃ ታውቅ እንደሆነ፣ ተሰብራም ከሆነ ይመዝግቡ። ወጌሻዎችም ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀላል አወዳደቅ ተሰብራ ስትመጣባቸው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ይነገራቸው። በቀዶ ሕክምና እንቁላል አመንጪ እጢዎቿ ለሚወጡባት ሴት ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ ያስረዳት።

መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም የበኩሉን ሊሠራ ይችላል። በወሎ ቦረናና በወግዲ ወረዳዎች ያሉ ሴቶች በስንት ዓመታቸው እንደሚያርጡና ምን ያህሉ እንደሚሰበሩ ለመቁጠር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ መዝገብና ጠያቂ ሰው ይበቃል። የክልሉ ጤና ቢሮና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችም ማረጥን ከእናቶች ጤና ዕቅዳቸው ቀጥሎ በዘንድሮው ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት።