ቦምብ የጫነችው መርከብና ጀማሪው ጠላቂ



በገራዶና በአካባቢው ክረምት ሲገባ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያዘወትሩት ማስጠንቀቂያ «ውሃ አትቅረብ!» የሚል ነው። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም እንላለን። ምክንያታችንን ለማስረዳት ዛሬ ከደጋው ወርደን ወደ ቀይ ባሕር እንዝለቅ።

ከፖርት ሱዳን ወደብ አቅራቢያ ኡምብሪያ የምትባል የኢጣሊያ የጭነት መርከብ በጎኗ ተጋድማ ትገኛለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው የፋሺስት መንግሥት 360,000 ያህል ቦምቦችን ጭኖ ወደ ምፅዋ የላካት ነበረች። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ፣ ካፒቴኑ ጭነቱ በእንግሊዞች እጅ እንዳይወድቅ ሲል መርከቧን ራሱ አሰጠማት። ቦምቡም ከነመርከቧ ባሕር ውስጥ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1949 ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ ጠልቆ ከጎበኛት ወዲህ ብዙ ጠላቂዎች አይተዋታል። ታችኛው ክፍሏ ከ30 ሜትር በላይ ቢጠልቅም ላይኛው ጎኗ ከውሃው ገጽ ብዙም አይርቅም፤ በመሆኑም ጀማሪዎችም ሊያዩዋት ችለዋል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ጉዞው አስተማማኝ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ይደርሳል።

ለመሆኑ ጀማሪ ሰው ከቦምብ አጠገብ ጠልቆ እንዴት በሰላም ይመለሳል? ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ አስቀድሞ ስለተማረ ነው። የመጀመሪያው ሕግ፣ ከአየር ሲሊንደር የሚተነፍስ ጠላቂ ትንፋሹን ፈጽሞ አያፍንም የሚል ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው ገጽ እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባን የሞላው አየር ወደ ላይ ሲወጣ እጥፍ ስለሚሰፋ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ እየተነፈሰ በዝግታ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ብቻውን አይጠልቅም። ሦስተኛ፣ ከ18 ሜትር በታች አይወርድም፤ ወደ መርከቧ ሆድ አይገባም፤ ያየውን አይነካም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! የተማረ ሰው ከቦምብ አጠገብ ደርሶ ሲመለስ፣ ያልተማረ ልጅ በአንዲት ኩሬ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ልጆቻችን ውሃ ለመቅዳትም ሆነ ከብት ለማጠጣት መውረዳቸው አይቀርም። ስለሆነም ከመከልከል ጋር ማስተማር ይገባናል፦ በበጋ፣ ጥልቀት በሌለውና በረጋ ውሃ፣ ዋና ጠንቅቆ በሚያውቅ አዋቂ ፊት።

ወጣቶች ሆይ! ጎርፍ ጎበዝ ዋናተኛንም ይወስዳልና አትሞክሩት። ወደ ሐይቅ ስትሄዱም ብቻችሁን አትግቡ። ጓደኛችሁ ሲሰጥም ካያችሁ ዘላችሁ ከመግባት ይልቅ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ዘርጉለት፤ ድረሱልን ብላችሁም ጩኹ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።